የረቡዕ ሩጫ

ረቡዕ ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ ባለው ኮረኮንች ዳር ቆሜ ልጆቹን እጠብቃለሁ። የዕለቱ ፕሮግራም ቀላል ሩጫ ነው፤ 50 ደቂቃ፣ ተከታትለው፣ እያወሩ። ሲወጡ እውነትም ያወራሉ። ሲመለሱ ግን ወሬ የለም። መጀመሪያ ብቅ የሚለው የ1,500 ሜትሩ ልጅ ነው፤ ጥርሱን ነክሷል። ሁለቱ እግር በእግር ይከተሉታል። የቀሩት እንደተበጠሰ መቁጠሪያ መንገዱ ላይ ተበትነዋል። ሴቶቹ፣ ብልሆቹ፣ መጨረሻ ላይ እየሳቁ ይመጣሉ።

"ምነው? ቀላል አላልኩም?"

"ቲቸር፣ እሱ ነው የጎተተን።"

"እሱ" የተባለው ደግሞ የፈጠነው ከኋላው የሚመጣውን ኮቴ ሰምቶ ነው። ማንም እንወዳደር አላለም፤ ሩጫው ግን ውድድር ሆኖ አረፈው። እነዚህ ልጆች ትናንት ማክሰኞ ስምንት ጊዜ 300 ሜትር ሮጠዋል። ነገ ዳገት ይጠብቃቸዋል። የዛሬው ሥራቸው ማረፍ ነበር፤ እየሮጡ ማረፍ።

ስለ መካከለኛ ርቀት ሲወራ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ "በሳምንት ስንት ኪሎ ሜትር ትሠራላችሁ?" የሚል ነው። ከዚያ ክርክሩ ይነሳል። አንዱ ኪሎ ሜትር ይብዛ ይላል፣ ሌላው ፍጥነት ይቅደም ይላል። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው ይህን ክርክር ስሰማ፤ ሯጭ ሳለሁም፣ አሁን የስፖርት መምህር ሆኜም። በእኔ ዓይን የእኛን ልጆች የሚጥላቸው የኪሎ ሜትር ማነስ አይደለም፤ የፍጥነት ማነስም አይደለም። የሚጥላቸው ቀላሉ ቀን ቀላል አለመሆኑ ነው። ረቡዕ ከተበላሸ ማክሰኞም ቅዳሜም ይበላሻሉ።

800 ሜትርን በሁለት ደቂቃ ጨርሶ ሣር ላይ የሚዘረር ልጅ ያየ ሰው፣ ነገሩ ሁሉ የጉልበትና የፍጥነት ጉዳይ ሊመስለው ይችላል። ልኬቱ የሚለው ግን ሌላ ነው። በ800 ሜትር ከሚወጣው ጉልበት ሁለት ሦስተኛ ገደማው የሚገኘው በኦክስጅን ነው፤ በ1,500 ሜትር ደግሞ ከ80 በመቶ በላይ ይደርሳል። ኪሎ ሜትር ይብዛ የሚሉት ሰዎች የሚደገፉት በዚህ ነው። የልብን ጉልበትና የደም ሥሮችን መረብ የሚያሰፋው በዋነኛነት ረጅሙና ዝግተኛው ሩጫ ነውና። ፍጥነት የሚሉትም አልተሳሳቱም። ያለ ኦክስጅን የሚነደው፣ በመጨረሻው 150 ሜትር እግርን እንጨት የሚያደርገው ያ ቀሪው ድርሻ አንደኛውን ከአራተኛው የሚለየው ነው። ሁለቱም እውነት ከያዙ ጥያቄው ሁለቱን በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ጥንድ እግር ላይ እንዴት እንደምናስቀምጣቸው ብቻ ይሆናል።

ኪሎ ሜትር ወዳዶች ብዙ ጊዜ የሚጠሩት ስም አርተር ሊዲያርድ ነው። ኦክላንድ፣ ኒው ዚላንድ፣ ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ ዘዴውን መጀመሪያ የሞከረው በራሱ እግር ላይ ነበር። የ800 ሜትር ሯጩን ፒተር ስኔልን ሳይቀር በሳምንት 160 ኪሎ ሜትር ያስሮጥ ነበር። ስኔልም በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በ800 ሜትር፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ በ800 እና በ1,500 ሜትር የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ (ከዚህ በኋላም የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሰው 160ን ይዞ ይሄዳል፤ የቀረውን ይረሳል። ያ ቁጥር የመሠረት ወራት ቁጥር ነበር። የውድድር ጊዜ ሲቃረብ ሩጫው ወደ ዳገት፣ ከዳገት ወደ ትራክ እየተሸጋገረ ኪሎ ሜትሩ ይቀንስ ነበር። ከባድ ትራክ እና 160 ኪሎ ሜትር በአንድ ሳምንት ውስጥ አብረው አልተጫኑም።

በሌላው ጫፍ እንግሊዛዊው ኢንጂነር ፒተር ኮ አለ። ልጁን ሰባስቲያንን ያሠለጠነው በኪሎ ሜትር ብዛት ሳይመካ፣ በሚገባ በተለካ ፍጥነት ነው። ሰባስቲያን ኮ በ1980 ሞስኮ ላይ፣ በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ የ1,500 ሜትር ወርቅ ወሰደ፤ በ1981 ፍሎረንስ ላይ በ800 ሜትር የሮጠው 1:41.73 እስከ 1997 ድረስ የሚያሻሽለው አልተገኘም። በሁለቱም መንገድ ወርቅ ተገኝቷል። በሁለቱም ቤት ግን ልጁ ዛሬ የሚሮጠው ለምን እንደሆነ ያውቅ ነበር።

ወደ ቤታችን እንምጣ። ገንዘቤ ዲባባ ሞናኮ ላይ ጁላይ 17 ቀን 2015 የ1,500 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን 3:50.07 ስታደርስ፣ እያንዳንዱን 400 ሜትር በአማካይ በ61 ሰከንድ ከሦስት ዐሥረኛ ገደማ ነው የሮጠችው። ይህን የሰማ ልጅ ነገ ሄዶ 400 ሜትር በ61 መሮጥ ያምረዋል። እኔ ግን የምነግረው ከዚያ በ13 ቀን ቀድሞ ፓሪስ ላይ የሆነውን ነው፤ ያቺው ገንዘቤ 5,000 ሜትርን በ14:15.41 ሮጣ ነበር። የ1,500ው ፍጥነት የተቀመጠው በ5,000 ሜትር ትንፋሽ ላይ ነው። ጉዳፍ ጸጋይም እንዲሁ ናት። በ2021 በቤት ውስጥ 1,500 ሜትር 3:53.09 የሮጠችበት እግር በ2022 የ5,000፣ በ2023 ደግሞ የ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል።

ከፍጥነት በኩል የሚመጡም አሉ። መሐመድ አማን በ2013 ሞስኮ ላይ በ800 ሜትር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ሲያመጣ የፍጥነት ልጅ ነበር፤ በዚያው ዓመት ብራስልስ ላይ 1:42.37 ሮጧል። ድርቤ ወልተጂ በ2018 ከ20 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው በ800 ሜትር ነው፤ በ2023 ቡዳፔስት ላይ በ1,500 ሜትር ብር ስትወስድ ያን ፍጥነት ይዛ ነው የወጣችው። ለእኔ ሁሉን የሚበልጠው ምሳሌ ግን የትዕግሥት አሰፋ ነው። ትዕግሥት በ2016 ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ የሮጠችው 800 ሜትር ነው። በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:11:53 ጨርሳ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። የማራቶን ገንዘብ ዓይናቸውን የሳበው የ16 ዓመት ልጆች ሲመጡብኝ ይህን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። ፍጥነቱን በልጅነት የያዘ ሰው ኪሎ ሜትሩን በኋላ ሊጨምረው ይችላል። በ16 ዓመቱ በየቀኑ 20 ኪሎ ሜትር የሮጠ ልጅ ግን 25 ሲሞላው ሄዶ 200 ሜትርን በ25 ሰከንድ ልሩጥ ቢል ማን ይሰጠዋል?

አሁን የኛን አገር መሬት እንይ። መካነ ኢየሱስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ። እስቴም፣ ስማዳም፣ ጋይንትም ያለ ልጅ ሳያውቀው በዚህ አየር አድጓል፤ ለመሠረት ሩጫ ይህ ስጦታ ነው። ለፈጣኑ ልምምድ ግን ቀረጥ አለው። ኦክላንድ ወይም ለንደን ላይ የተጻፈ ፕሮግራም በ90 ሰከንድ ዕረፍት የሚያስደግመውን 400 ሜትር እዚህ በ90 ሰከንድ ብትደግሙት፣ ሦስተኛው ዙር ላይ ፍጥነቱ ይሞታል፤ የቀረው ትግል ብቻ ነው። ስለዚህ ወይ ዕረፍቱን አርዝሙት፣ ወይ ርቀቱን አሳጥሩት። እኔ ሁለቱንም አደርጋለሁ፦ 400ውን ወደ 300፣ 90 ሰከንዱን ወደ ሁለት ደቂቃ ተኩል። ወደ ጉና ተራራ አቅጣጫ ወጥቶ መሮጥ ለዝግታው ቀን ደስ ይላል፤ ፈጣን ልምምድ ወደዚያ ይዞ መውጣት ግን ከንቱ ድካም ነው። ይልቅ በሆነ ጉዳይ ወደ ፎገራ የሚወርድ ልጅ ካለ ጫማውን ይዞ ይውረድ። ጣና ዳር ያለው ሜዳ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ እግር እዚያ ቀለል ይላል።

ባለፈው ዓመት አንድ የ800 ሜትር ልጅ ደብተሩን ይዞ መጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ 1:55 ላይ ቆሞ ነበር። "ቲቸር፣ ኪሎ ሜትር ልጨምር?" ነው ጥያቄው። ደብተሩን ገለጥኩት። ሰኞ 60 ደቂቃ፣ ከጎኑ "ፈጠን ያለ" ተጽፏል። ማክሰኞ 10 ጊዜ 400። ረቡዕ 70 ደቂቃ፣ "ፈጠን ያለ"። ሐሙስ ዳገት። ዓርብ 60 ደቂቃ፣ "ደህና"። ቅዳሜ 15 ኪሎ ሜትር በሰዓት ተይዞ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ 90 ደቂቃ። ሲደመር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ገጹን ወደ ኋላ ብገልጥ፣ ብገልጥ፣ ያው ነው። ሰባቱም ቀን ፈጠን ያለ ነው። አንድም ቀን "ቀስ ያለ" የሚል ቃል የለበትም። ማክሰኞ ላይ ደግሞ የዙሮቹን ሰዓት በቅንፍ ጽፎታል፦ የመጀመሪያው 59፣ ዐሥረኛው 70።

ያ ልጅ ሰነፍ አይደለም። የሚሮጠው ሁሉ መካከል ላይ ነው እንጂ፤ ለማረፍ የሚፈጥን፣ ለመፍጠን የሚዘገይ። ሰኞ የደከመ እግር ማክሰኞ 59 ብሎ ይጀምርና 70 ላይ ይጨርሳል። 70 ደግሞ የ800 ሜትር ፍጥነቱ አይደለም፤ ስለዚህ ማክሰኞም ፍጥነት አልሠራም።

ያደረግነው አዲስ ነገር የለም። እሑድን አወጣነው፣ ረቡዕና ዓርብን አዘገየናቸው፣ 100ው ወደ 75 ኪሎ ሜትር ወረደ። መጀመሪያ ላይ ተናደደ፤ "ሴቶቹ እያለፉኝ ነው" ብሎ። ከወራት በኋላ 1:53 ሮጠ። ሁለት ሰከንድ ነው፤ ብዙ አይመስልም። በዚያ ፍጥነት ግን ሁለት ሰከንድ ማለት 14 ሜትር ነው፤ ከኋላ ሆኖ በማየትና ከፊት ሆኖ በመታየት መካከል ያለ ርቀት።

እኔም ያው ነበርኩ። በወጣትነቴ የነበርኩበት አንድ ክለብ፣ ስሙ ይቅር፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ፕሮግራም ይጻፍ ነበር፤ ለ800ውም ለ10,000ውም። ከትልልቆቹ ጋር 130 ኪሎ ሜትር እየሮጥኩ በሳምንት ሦስት ጊዜ ትራክ እገባ ነበር። ቅልጥሜ ላይ አንዲት ጣት የምትሸፍናት ቦታ መታመም ጀመረች። "ይሞቃል" እያልኩ ሮጥኩባት። አጥንቱ ተሰንጥቆ ነበር። አራት ወር ተኛሁ። ስመለስ የቀደሙኝን አልደረስኩባቸውም።

ቀላል ሩጫ ስንት ፍጥነት ነው ትሉኛላችሁ። ሰዓት ያለው በሰዓት ይለካ፤ የሌለው በአፉ ይለካ። እየሮጣችሁ "አባታችን ሆይ"ን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምፅ አውጥታችሁ፣ ሳትቆራርጡ ማድረስ ከቻላችሁ ቀላል ነው። ሙስሊሙ ልጅ ፋቲሐን ይበል። በየሐረጉ መተንፈስ ካስፈለጋችሁ መካከለኛው ላይ ናችሁ፤ ያ የቅዳሜ ነው። ቃል ካልወጣችሁ የማክሰኞ ነው። ዳገት ላይ ከተቆራረጠባችሁ ተራመዱ። ነውር የለበትም፤ ማንም አያያችሁም፣ ቢያይስ?

ኪሎ ሜትርን ተዉትና በደቂቃ ቁጠሩ። የኛ ኮረኮንች ላይ 10 ኪሎ ሜትር በደረቅ ጊዜ አንድ ነገር ነው፣ ሐምሌ ላይ ጭቃው ጫማ ሲያወልቅ ሌላ ነገር ነው። እግር የሚያውቀው የለፋበትን ጊዜ ነው። ደግሞ ልጁ ከቤቱ ትምህርት ቤት በእግሩ አንድ ሰዓት ሄዶ አንድ ሰዓት የሚመለስ ከሆነ ያ ከሒሳቡ አይወጣም። በአጨዳ ሰሞን ከእርሻ የዋለ ልጅ ማታ መጥቶ "ፕሮግራሜን ልጨርስ" ሲለኝ ፕሮግራሙን ጨርሰሃል እለዋለሁ። ለስኔል የተጻፈው 160 ኪሎ ሜትር ነዶ የሚሸከም ልጅ ታስቦ የተጻፈ አይደለም።

ሳምንቱን እንዲህ አድርጌ እሰፋዋለሁ። ማክሰኞ ጠንካራ፣ ቅዳሜ ጠንካራ። ሐሙስ 40 ደቂቃ ቀላል ሆኖ መጨረሻው ላይ ስምንት ጊዜ 10 ሰከንድ ዳገት፣ በሙሉ ጉልበት፣ ተራምዶ እየወረዱ። ይህ እግርን ያሾላል እንጂ አያደክምም። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከ40 እስከ 60 ደቂቃ ቀላል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ እንቅልፍ። ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀን መሆናቸው ለፕሮግራሙ ተመችቶታል፤ ጠንካራው ቀን እንቁላልና ወተት ከሚበላበት ቀን ጋር ይገጥማል። በኖርዌይ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት አሜሪካዊው ተመራማሪ ስቴፈን ሳይለር የታላላቅ ሯጮችን፣ የበረዶ ተንሸራታቾችንና የቀዛፊዎችን ሥልጠና ሲያጠኑ ያገኙት ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ ከአምስት እጅ አራቱ ዝግታ፣ አንዱ ብርታት።

የማክሰኞውን ልምምድ በቅርብ ላሳያችሁ። ትራክ የለንም፤ የእግር ኳስ ሜዳ አለን። በናይሎን ገመድ አትለኩ፤ ይሳባል። ከግንበኛ ሜትር ተዋሱና በሜዳው ዳር 300 ሜትር ዙሩን ለኩ፤ ማዕዘኖቹን ክብ አድርጋችሁ፣ በየ50 ሜትሩ ድንጋይ አስቀምጡ። ዙሩ በ10 ሜትር ቢሳሳት በአንድ ዙር 1.6 ሰከንድ ይዋሻችኋል፤ ልጁም በሌለ ፍጥነት ይኮራል። 1,500 ሜትርን በ4 ደቂቃ የሚሮጥ ልጅ ፍጥነቱ በ400 ሜትር 64 ሰከንድ ነው፤ 300 ሜትርን በ48 ይሮጣል ማለት ነው። ስምንት ጊዜ 300 በ48፣ ሁለት ደቂቃ ተኩል እየተራመዱ ዕረፍት። በየድንጋዩ 8 ሰከንድ ነው፤ አንድ ሰው ሰዓት ይዞ "ስምንት! ዐሥራ ስድስት!" ይጩህ። በመጀመሪያው ዙር 45 የመጣ ልጅ አይመሰገንም፤ ይገሠጻል። ስምንተኛውን በ48 ጨርሶ "አንድ ልድገም?" የሚል ልጅ ጥሩ ሠርቷል። አትድገሙለት። ሰባተኛው 51 ከመጣ ስምንተኛው ይሰረዝ፤ ልጁን ወደ ቤቱ ስደዱት።

የ800 ሜትር ሯጭ በዚያው ሜዳ 200 ሜትርን ይሥራ፤ አራት ጊዜ፣ ሰባት ደቂቃ ዕረፍት፣ እንደገና አራት። ቅዳሜ ሁለቱም ባንድ ላይ ይሮጣሉ፦ 20 ደቂቃ በዚያ በየሐረጉ በሚያስተነፍሰው ፍጥነት፣ ወይም አምስት ጊዜ አንድ ኪሎ ሜትር፣ በመካከሉ ሁለት ደቂቃ ዕረፍት። ስፓይክ ለውድድር ወራት ይቀመጥ። ከልባሽ ተራ የተገዛ ስፓይክ ልክ ካልሆነ ከተረከዝ በላይ ያለውን ጅማት ይበላዋል።

ስንት ኪሎ ሜትር ለሚለው መልስ ካልሰጠሁ አትለቁኝም፤ እነሆ የእኔ ልክ። ለ15 እና ለ16 ዓመት ልጅ በሳምንት አምስት ቀን፣ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ይበቃዋል፤ የቀረውን ኳስ ይጫወት። በ17 እና በ18 ከ45 እስከ 60። ከዚያ በላይ የ800 ሜትር ሯጭ ከ60 እስከ 80፣ የ1,500 ሜትር ሯጭ ከ80 እስከ 110። የምላችሁ ዕድሜ እውነተኛው ዕድሜ ነው፤ በወረቀት ላይ የተቀነሰው አይደለም፣ አጥንት ወረቀት አያነብም። ለመጨመር ስትነሱ ሦስት ሳምንት በአንድ ልክ ሩጡ፣ አራተኛውን ሳምንት በሲሶ አቅልሉ፣ ከዚያ በአንድ ቀላል ቀን ላይ 10 ደቂቃ ጨምሩ። ኪሎ ሜትርና ፍጥነት በአንድ ሳምንት አይጨመሩም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ዝግታውና ዳገቱ ይብዛ፤ ከአገር አቋራጩ ውድድር በኋላ ወደ ትራክ ስትጠጉ ደቂቃው ይቀንስ፣ ፍጥነቱ ይሳል።

በዐቢይ ጾም ምን ይደረግ? 55 ቀን ነው። ጾሙ የልጁና የንስሐ አባቱ ጉዳይ ነው፤ የአሰልጣኝ ድርሻ ፕሮግራሙን ከጾሙ ጋር ማስታረቅ ነው። ደቂቃውን በአምስተኛ እቀንሳለሁ፣ ከሁለቱ ጠንካራ ቀናት አንዱን አስቀራለሁ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ልጅ ጠንካራውን ከመፍቻው በፊት ይሥራና ወዲያው ይብላ። በሶ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ተልባ ይኑር። ከምስሩ ላይ ሎሚ ጨመቅ አድርጉ፤ ብረቱን ለሰውነት ያቀርበዋል። ሻይና ቡና ግን ብረቱን ይይዙታል፤ ከምግብ አንድ ሰዓት ይራቁ። እኛ አገር ይህ ምክር እንደማይሰማ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ተናግሬያለሁ።

ጠዋት ከመኝታ ሳትነሱ ሁለት ጣት አንገት ላይ አድርጋችሁ የልብ ምታችሁን 30 ሰከንድ ቁጠሩና በሁለት አባዙት። ደብተር ላይ ጻፉት። ከወትሮው በስምንት ወይም በዐሥር ከፍ ብሎ ሁለት ቀን ካደረ ጠንካራው ልምምድ ይሰረዛል፤ ልመና የለም። በአንድ ጣት የሚጠቆም የአጥንት ሕመም ካለ ሩጫ ይቆማል፣ ጤና ጣቢያ ይኬዳል። ሴት ሯጮች የወር አበባ ሲቋረጥባቸው "ጥሩ ኮንዲሽን ላይ ነኝ" ይላሉ፤ አንዳንድ አሰልጣኝም ያምናቸዋል። መቋረጡ ግን ሰውነት ለሩጫው የሚበቃ ምግብ እያገኘ አይደለም ማለት ነው፤ አጥንትም ይሳሳል። ለወንድ አሰልጣኝ መናገር ካስቸገረ ለእናት፣ ለታላቅ እህት፣ ለሴት መምህርት ይነገር፤ ብቻ ይነገር።

የሥራ ባልደረቦቼ የስፖርት መምህራን፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ረቡዕ ጠዋት ሰዓታችሁን ኪሳችሁ ክተቱ። ማን ቀድሞ እንደመጣ አትዩ፣ አታመስግኑ። እኔ አሁን የማደርገው በቡድኑ ውስጥ ዝግተኛዋን ልጅ ፊት ማስቀደም ነው፤ እሷን ያለፈ ሁሉ ማክሰኞ ቁጭ ብሎ ሰዓት ይይዛል። ሁለት ሳምንት አጉረመረሙ፣ ከዚያ ወሬው ተመለሰ።

እናንተ ሯጮች ደግሞ ይህን ማክሰኞ ማታ እያነበባችሁ ከሆነ፣ ነገ 50 ደቂቃ ነው፤ በዝግታ።